መስማት የተሳነው ልጅ አባቱን አይወርስም የሚል ሕግ የት አለ?

ለተከበሩ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ
ጎንደር

ጉዳዩ፦ የአባቴን ማሲንቆ፣ የድምፅ ቴፕ ሪሎችና ካሴቶች ይመለከታል

ክቡር ኃላፊ፣

ይህን ደብዳቤ ሰው ሁሉ እንዲያነበው የጻፍኩት ወድጄ አይደለም። በመዝገብ ቤታችሁ ያስገባሁት ማመልከቻ ሁሉ ገቢ ተብሎ ማህተም ተመቶበታል፣ ቁጥርም ተሰጥቶታል። ከዚያ ወዲያ ወሬው የለም። በር ላይ ቆሜ ስጠይቅ የማገኘው መልስ «ስብሰባ ናቸው» ወይም «ሳምንት ተመለስ» ነው። ከእናንተ በላይ ላለው አካልም አመልክቼ ነበር። ጉዳዩ ዞሮ ዞሮ ተመልሶ እርስዎ ጠረጴዛ ላይ አረፈ። ስለዚህ የቀረኝ አደባባይ ነው። የጽሕፈት ቤቱን ስም እዚህ አልጠራም፤ ማንን እንደምል እርስዎም የንብረት ክፍሉም በደንብ ታውቃላችሁ። የምፈልገው የማንንም ስም ማጥፋት ሳይሆን መልስ ነው።

አባቴ ማሲንቆ ተጫዋች ነበር። ቡርቧክስ በምትባለው የአዝማሪዎች መንደር ተወልዶ፣ ማሲንቆውን ከአባቱ ተቀብሎ፣ ጎንደር ከተማ ውስጥ ሲጫወት ኖሮ እዚሁ አረፈ። በደርግ ጊዜ ኪነት ቡድን ውስጥ ተቀጥሮ ሠርቷል። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም በሠርጉ፣ በክርስትናው፣ በማህበሩ፣ ማታ ማታ ደግሞ በአዝማሪ ቤት ተጫውቷል። ፒያሳ ላይ በዕድሜ የገፉ ሰዎች ሲያገኙኝ ትከሻዬን ነክተው አንድ እጃቸውን ዘርግተው በሌላው ደጋን የመሳብ ምልክት ያሳዩኛል። የእሱ ልጅ አይደለህ ወይ ማለታቸው ነው። መስማት የተሳናቸው ጓደኞቼ ያወጡልኝ የምልክት ስምም ይኸው ነው፤ ደጋን መሳብ። ሰላም ሲሉኝም ከሩቅ ሲጠሩኝም በዚህ ነው።

እኔ የመጀመሪያ ልጁ ነኝ። መስማት የተሳነኝ ነኝ። አራዳ አካባቢ እንጨት ሥራ እሠራለሁ።

አባቴ ካረፈ በኋላ የእናንተ ሰዎች ቤታችን መጡ። «ይህ ቅርስ ነው፤ ቤት ውስጥ ይበላሻል፤ እኛ ጋ በክብር ይቀመጣል፤ ሲገለበጥም ለቤተሰቡ ቅጂ ይሰጣል» አሉ። እናቴ አምና ሰጠች። እኔም ተስማማሁ። ሳጥኑን ተሸክሜ መኪናው ላይ የጫንኩት እኔ ራሴ ነኝ። በሞዴል 19፣ በንብረት ገቢ ደረሰኝ፣ ተረከቡን። ቅጂው በእጄ አለ፤ ማሲንቆ ከነደጋኑ 1፣ ሪል 9፣ ካሴት 41 ይላል። ከሥሩ «በአደራ» ተብሎ ተጽፎበታል፣ የተረካቢ ፊርማና ማህተምም አለበት። በአደራ የተቀመጠ ነገር ባለቤቱ በጠየቀ ጊዜ ይመለሳል። ይህን ለእርስዎ ማስረዳት ያለብኝ አይመስለኝም።

አሁን እናቴም የለችም። እኔና እህቴ የወራሽነት ማስረጃችንን ከፍርድ ቤት አውጥተናል። እህቴ ባህር ዳር ስለምትኖር ውክልና ሰጥታኛለች። ሁሉም ወረቀት ማመልከቻዬ ላይ ተያይዟል።

ነገሩ የተነሣው በአንድ የባህል ዝግጅት ላይ ነው። ያዘጋጃችሁት እናንተ ናችሁ። ከልጄ ጋር ሄጄ ነበር። መድረኩ ላይ ስለ ከተማዋ የተሠራ ፊልም ይታያል፤ ግንቡ፣ የፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር፣ ገበያው። እኔ ሥዕሉን እያየሁ ነው። ልጄ በድንገት ክንዴን ጨመቀችና «አያቴ ነው» አለችኝ በእጇ። የት? አልኳት፤ ፊልሙ ላይ ያለ መስሎኝ ዓይኔ ፍለጋ ገባ። «አይታይም። እየዘፈነ ነው» አለችኝ። ቤት አንዲት ካሴት ስላስቀረን ድምፁን ታውቀዋለች። ፊልሙ ሲያልቅ ስም ዝርዝር ወጣ። ካሜራ ያነሳው አለ፣ ያቀናበረው አለ፣ መኪና የሾፈረው ሳይቀር አለ። ሙዚቃ የሚለው ጋ «ሕዝባዊ ዜማ» ብቻ ተጽፏል። የአባቴ ስም የለም።

ከአዳራሹ ውጪ ደግሞ የባህል ዕቃዎች የተደረደሩበት ጠረጴዛ ነበር። ከሞሰቡና ከአገልግሉ መሃል ማሲንቆው ተጋድሟል። ጭራው ተበጥሶ ተንጠልጥሏል። ቆዳው ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል። ከፊቱ «ማሲንቆ፤ የአዝማሪ መሣሪያ» የሚል ካርቶን ቆሟል። የማን እንደሆነ ለማወቅ ካርቶን አያስፈልገኝም። በግራ ጎኑ የመዳብ ሽቦ ጥልፍ አለው። አንድ ጊዜ በጥምቀት ግፊያ ወድቆ እንጨቱ ተሰንጥቆ ነበር። አባቴ ሽቦውንና መብሻውን ሰጥቶኝ እኔ ነኝ የሰፋሁት። በሕይወቴ የሠራሁት የመጀመሪያ የእንጨት ሥራ እሱ ነው። እጄን ልዘረጋ ስል ጥበቃው ያዘኝ።

በሰኞው መጥቼ ስጠይቅ «ቤተሰቡ ፈቅዷል» የሚል ወረቀት አሳዩኝ። ከታች ያለው የአጎቴ የጣት አሻራ ነው። አጎቴ ሽማግሌ ነው፤ ማንበብ አይችልም። ስብሰባ ተብሎ ተጠርቶ ሄደ፣ የአበል መስሎት አሻራውን አኖረ። ደግሞም ወራሹ እሱ አይደለም። እኔ የምኖረው ከእሱ ቤት ሁለት አጥር አልፎ ነው። የእኔን በር ለማንኳኳት ምን ከለከላችሁ? መልሱን አውቀዋለሁ። ከእኔ ጋር መነጋገር ስላልፈለጋችሁ ነው።

ከዚህ በኋላ ነው እርስዎ ቢሮ የገባሁት። አስተርጓሚ እንድታዘጋጁልኝ አስቀድሜ በጽሑፍ ጠይቄ ነበር። አልተዘጋጀም። ስለዚህ ልጄን ከትምህርት ቤት አስቀርቼ ይዤ መጣሁ። የ13 ዓመት ልጅ ናት። የምልክት ቋንቋ አፏን የፈታችበት ነው፤ ግን ልጅ ናት። ንብረቱን አሳዩኝ፣ የድምፁን ግልባጭ ስጡኝ፣ እኔን ሳትጠይቁ አትጠቀሙበት አልኩ። ተረጎመችልዎ። እርስዎ እኔን አላዩኝም። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ዓይንዎ እሷ ላይ ነበር። ከዚያ አንድ ነገር ተናገሩ፤ አጠገብዎ የነበሩት ሰውዬ ሳቁ። ልጄ ዝም አለች።

ምን አሉ? ስላት ራሷን ነቀነቀች። ደግሜ ጠየቅኳት። ሁለቱንም እጆቿን ጭኗ ሥር ከተተቻቸው። ክቡር ኃላፊ፣ በእጁ ለሚናገር ሰው ይህ አፍን መዝጋት ነው። እንዲያ ሆና አይቻት አላውቅም። ፊቷ ቀልቷል፤ ወለሉን ታያለች። እኔም ምን እንደተባለ ሳላውቅ ተነሥቼ ወጣሁ።

ማታ እራት ሳትበላ ደብተሯን አምጥታ ጻፈችልኝ፦ «አባትሽ አይሰማ፤ ካሴቱ ምን ያደርግለታል? አሉኝ»።

ስለ ራሴ አይደለም የምቆጣው። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ያልተባልኩት የለም፤ ከታክሲ ረዳት ጀምሮ እስከ ጎረቤት። የሚያንገበግበኝ ልጄን ያስቀመጣችሁበት ቦታ ነው። የመንግሥት ኃላፊ በአባቷ ላይ የተናገረውን ቃል ለአባቷ እንድትነግር ተገደደች። ብትተረጉመው እኔን ታዋርዳለች፤ ባትተረጉመው ትደብቀኛለች። አስተርጓሚ ያልቀጠራችሁት በጀት የለም ብላችሁ ነው። የበጀቱን ዕዳ የከፈለችው ያቺ ልጅ ናት። ከዚያ ቀን ወዲህ ለእኔ ቢሮ መግባት እምቢ ብላለች። እኔም አላስገድዳትም።

ጥያቄዎን ግን ልመልስልዎ። ካሴቱ ምን ያደርግልኛል?

እስከ 7 ዓመቴ እሰማ ነበር። በ1981 ዓ.ም. የማጅራት ገትር ወረርሽኝ አገሩን ሲያዳርስ እኔንም አገኘኝ። ነፍሴ ተረፈች፤ ጆሮዬ ቀረ። ያኔ ሰው ለአባቴ ያላለው የለም። «የአዝማሪ ቤት መርገም ነው» ያለም ነበር። «እግዜር ሲቆጣህ ነው፤ ማሲንቆህን ተው» ያሉት የራሱ ዘመዶች ናቸው። ጠበል ሄድን፣ ሐኪም ቤትም ሄድን። ጆሮዬ አልተመለሰም። አባቴ ለትንሽ ጊዜ ቤት ውስጥ መጫወት አቆመ። እናቴ እንደነገረችኝ እኔ ፊት መጫወት ነውር መስሎት ነበር።

ከዚያ አንድ ቀን ጉልበቶቹ መሃል አስቀመጠኝ። ማሲንቆውን ደረቴ ላይ አስደግፎ፣ መዳፌን ቆዳው ላይ ዘርግቶ አሳርፎ፣ ደጋኑን ሳበ። አልሰማሁም፤ ሰማሁ ብዬ አልዋሽዎትም። ንዝረቱ ግን ከቆዳው ወደ መዳፌ፣ ከእንጨቱ ወደ ደረቴ ገባ። አገጬን አንገቱ ላይ ሳሳርፍ ጥርሴ ድረስ ይመጣል። ወፍራሙ ድምፅ ደረት ላይ ይሰፋል። ቀጭኑ ጣት ጫፍ ላይ ብቻ ይነዝራል። እያደር ትዝታ ሲጫወትና ባቲ ሲጫወት መለየት ጀመርኩ። ጣቶቹ ጭራው ላይ የሚያርፉበትን እያየሁ፣ ንዝረቱን እየያዝኩ ነው የለመድኩት። ስሳሳት ይስቃል፤ ሳገኘው ግንባሬን ይስመኛል። የተበጠሰ ጭራ መቀየር፣ ደጋኑን እጣን ማሸት የእኔ ሥራ ሆነ። ጭራው በቂ መወጠሩን በአውራ ጣቴ ነክቼ እነግረው ነበር፤ እሱም ያምነኝ ነበር።

ቆይቶ መስማት ለተሳናቸው ልጆች በተከፈተ ክፍል ትምህርት ጀመርኩ። የእጅ ፊደል ተማርኩ። ላያውቅ ለሚችል አንባቢ፦ በኢትዮጵያ የምልክት ቋንቋ የራሳችን ፊደል በጣት ይጻፋል። የእጁ ቅርጽ ፊደሉን ያሳያል፤ የእጁ እንቅስቃሴ ደግሞ ግዕዝ ይሁን ካዕብ፣ ሣልስ ይሁን ሳብዕ ይለያል። አባቴ ማንበብና መጻፍ የቻለው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፤ በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው። የጣት ፊደሉን ያስተማርኩት ግን እኔ ነኝ። ጣቱ ከማሲንቆ የተነሣ የደነደነ ነበር፤ ቀስ ብሎ ነው የሚጽፈው። ራብዕና ኀምስ ሁልጊዜ ይምታቱበታል።

ሌሊት ከሥራ ሲመለስ ይቀሰቅሰኝ ነበር። መብራቱ ሥር ተቀምጦ የዚያን ሌሊት ግጥም በጣቱ ይነግረኛል። ማን «ተቀበል» ብሎ ምን እንደሰጠው፣ እሱ ምን ጨምሮበት እንዳወረደው፣ ሰሙ የቱ ወርቁ የቱ እንደሆነ። ማን እንደተቆጣ፣ ማን እንደሸለመው። እኔ በደብተር እጽፋለሁ። ስጨርስ ያነበዋል፤ የተሳሳተውን ያርመኛል። ደብተሮቹ ዛሬም ሣጥኔ ውስጥ አሉ። ቀኑ አለ፣ የማን ሠርግ እንደነበር አለ፣ ቅኝቱ አለ፣ የተቀዳ ከሆነም የሪሉ ወይም የካሴቱ ቁጥር አለ።

እናንተ ጋ ያሉት ሪሎችና ካሴቶች ላይ የተጻፈው ቁጥር ብቻ ነው። አባቴ በእርሳስ የጻፈው። ያ ቁጥር ከደብተሬ ጋር ካልተገናኘ የቱ የት እንደተቀዳ፣ ለማን እንደተዘፈነ፣ ግጥሙ የማን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው የለም። ድምፁ እናንተ ጋ፣ ቃሉና ታሪኩ እኔ ጋ ነው። ባለሙያ ነን ብላችሁ «ሕዝባዊ ዜማ» ያላችሁት ያ ዘፈን የሕዝብ አይደለም፤ ግጥሙ የአባቴ ነው፤ ለአንድ ጓደኛው ሐዘን ያወጣው ነው። ደብተሬ ላይ አለ። አንድ ጊዜ ብትጠይቁኝ ገጹን አሳያችሁ ነበር።

እና ካሴቱ ለእኔ ይህን ያደርግልኛል። ድምፅ ማጉያው ላይ እጄን አሳርፌ የአባቴን ደጋን እይዛለሁ። ልጄ አያቷን ትሰማለች፤ እኔ ደግሞ ግጥሙን ከደብተሬ እያነበብኩ አብሬያት እሆናለሁ። ይህን ማንም ሊፈቅድልኝ ወይም ሊከለክለኝ የሚገባ ነገር አይመስለኝም።

ወደ ሕጉ ልምጣ። «ሞግዚት ይዘህ ና፤ ያለ ሞግዚት ልናስፈርምህ አንችልም» ተብያለሁ። ይህን ያሉኝ የሕግ ባለሙያችሁ ናቸው፤ ያውም ወረቀት ላይ ጽፈው ስለሰጡኝ ይዤዋለሁ። ቤት አስተዳድራለሁ። ንግድ ፈቃድ አለኝ፣ ግብር እከፍላለሁ። ባንክ በፊርማዬ ገንዘብ ይሰጠኛል። እናንተ ራሳችሁ ከዚህ በፊት ወንበር አሠርታችሁኝ ውል ፈርሜላችኋለሁ። ያኔ ሞግዚት አልተጠየቅኩም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 192 ማንኛውም ሰው በሕግ ችሎታ የለውም ካልተባለ በቀር ችሎታ አለው ይላል። ምናልባት የሕግ ባለሙያችሁ ያሰቡት ቁጥር 340ን ይሆናል። እሱም ቢሆን የሚለው ሌላ ነው። መስማትና መናገር የተሳነው፣ ማየት የተሳነው፣ በሕመም ምክንያት ራሱን መምራት ያልቻለ ሰው ከፈለገ የሕጉን ጥበቃ ለራሱ ሊጠይቅ ይችላል ነው የሚለው። መጠየቅ የእኔ ነው። እኔ አልጠየቅኩም። ለእኔ ጥበቃ የተጻፈውን አንቀጽ እኔን ከበር ለመመለስ ልትጠቀሙበት አትችሉም።

አገራችን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 9 እንዲህ ያለ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው ይላል። ስምምነቱ በአንቀጽ 12 አካል ጉዳተኛ ከሌላው እኩል ንብረት የመውረስ መብት እንዳለው፣ በአንቀጽ 21 በመንግሥት ቢሮ ጉዳዩን በምልክት ቋንቋ የመፈጸም መብት እንዳለው ያስቀምጣል። አንቀጽ 30 ደግሞ ከባህል ሕይወት እኩል መካፈልን ይናገራል፤ የምልክት ቋንቋና መስማት የተሳናቸው ሰዎች ባህል እውቅና እንዲያገኝም ያዛል። ይህን ሁሉ እርስዎ ያውቁታል። ግድግዳዎ ላይ በየዓመቱ የአካል ጉዳተኞች ቀን ባነር ይሰቀላል፤ አይቼዋለሁ።

የቅጂ መብትን በተመለከተ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ፤ በ872/2007 ተሻሽሏል። የአንድ ሰው ሥራ እሱ ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት የወራሾቹ ነው። ስሙ እንዲጠራም መብት አለው። የአባቴ ነገር ገና ዕድሜ አለው። «ኪነት ውስጥ ተቀጣሪ ነበር፤ የሠራው የመንግሥት ነው» የሚል ክርክር እንደተነሣ ሰምቻለሁ። በቅጥር ሥራ የተሠራ ነገር የአሠሪው እንደሆነ አዋጁ ይናገራል፤ ልክ ነው። ሪሎቹ ግን የቅጥር ሥራ አይደሉም። አባቴ በገዛ ቴፑ፣ ቤቱ ውስጥና በሰው ሠርግ ላይ የቀዳቸው ናቸው። ኪነት ቡድኑ ከፈረሰ በኋላ የተቀዱም አሉበት። ደብተሬ ቀናቸውን ይዟል። አንዱንም ያነበበ ሰው ከቢሮዎ የለም።

«ቅርስ ስለሆነ የመንግሥት ነው» ያሉም ነበሩ። የቅርስ አዋጁ፣ ቁጥር 209/1992፣ ቅርስ በመንግሥትም በግለሰብም ባለቤትነት ሊያዝ እንደሚችል ይናገራል። ቅርስ መሆኑ ደስ ይለኛል። ቅርስ ስለሆነ ነው እንዲህ መበላሸት የሌለበት።

ስለ መበላሸቱ አንድ ነገር ልበል፤ ይሄ ሙያዬ ነው። ያ ማሲንቆ እርጥበትና ፀሐይ እየተፈራረቁበት እንደቆየ እንጨቱን አይቶ ማወቅ ይቻላል። ቆዳ ሲረጥብ ይለጠጣል፣ ሲደርቅ ይሸበሸባል፣ ሲደጋገምበት ይሰነጠቃል። ለዚህ ነው አባቴ ክረምት ክረምት በጋቢ ጠቅልሎ ከምድጃ ራቅ አድርጎ፣ ከግድግዳም አለያይቶ ይሰቅለው የነበረው። እናንተ የምታስቀምጡበት ክፍል ጣራው እንደሚያፈስ በሩ ላይ ቆሜ አይቻለሁ፤ ወለሉ ላይ ባልዲ ነበር።

ሪሉ ደግሞ ይብሳል። ሪል ቴፕ እርጥበት ሲያገኘው ድምፁን የያዘው ቅባት ይላላና እርስ በርሱ ይጣበቃል፤ ሻጋታም ያወጣል። እንዲያ ሆኖ ዝም ብሎ ማጫወቻ ላይ ቢጫን እየተላጠ ነው የሚሄድ። አንድ ጊዜ ከተላጠ የለም። በጥንቃቄ የሚገለብጥ ባለሙያ ያስፈልገዋል። ይህን ያጠናሁት እኔ የማልሰማው ነኝ። ለሪሎቹ ምን ዓይነት ማጫወቻ እንደተጠቀማችሁ ስጠይቅ ግን የሚነግረኝ ሰው አጣሁ።

እዚህ ላይ ሌላም አለ። ሞዴል 19ኙ ሪል 9 ይላል። የንብረት ክፍሉ ባለፈው ቆጠራ ብሎ ያሳየኝ ዝርዝር ላይ ያለው ሪል 6 ነው። ሦስቱ የት ሄዱ? ወጪ ከሆኑ ሞዴል 22 ሊኖራቸው ይገባል። አሳዩኝ ስል «እንፈልጋለን» ተባልኩ። ከሚጎድሉት አንዱ በደብተሬ መሠረት አባቴ የእኔን ሠርግ ዋዜማ የቀዳው ነው። እኔ ሙሽራ ሆኜ ተቀምጬ እጄን ማሲንቆው ላይ አሳርፌ ነበር። እናቴ በሪሉ ላይ ዕልል ስትል ትሰማለች ይላሉ የሰሙት። ልጄ የአያቷን ዕልልታ ሰምታ አታውቅም። ይህን ሪል ፈልጋችሁ አምጡ። ጠፍቶ ከሆነም ጠፋ ብላችሁ በጽሑፍ አስታውቁኝ፤ ማን እንዳጠፋውም ጭምር።

ጎንደር በቅርስ የምትኖር ከተማ ናት። ፋሲል ግቢ በ1979 እ.ኤ.አ. የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ። ጥምቀት በ2012 ዓ.ም. ተከተለ። ግንቡ ሲታደስ እኔም ተደስቻለሁ፤ የእንጨት ሥራ አውቃለሁና በሩንና መስኮቱን ቆሜ አይቻለሁ። ነገር ግን በዚያ በዓል ላይ ሲጫወቱ የኖሩ ሰዎች ሥራ በሚያፈስ ክፍል ውስጥ ባልዲ አጠገብ ነው ያለው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 የባህል ቅርስን መንከባከብ የመንግሥት ኃላፊነት ነው ሲል ድንጋዩን ብቻ ማለቱ አይደለም።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ማሲንቆውን መልሱልኝ፤ እኔ እጠግነዋለሁ። ቆዳውንም ጭራውንም እኔ አደርገዋለሁ፤ ከዚያ የአባቴ ስም ተጽፎበት በውል ለኤግዚቢሽን ብትጠይቁኝ እምቢ አልልም። ሪሎቹና ካሴቶቹ በባለሙያ ይገልበጡ። ሥራው ላይ እኔም ከነደብተሬ ልገኝ፤ ቁጥሩንና ታሪኩን አንድ በአንድ አገናኛለሁ፤ ክፍያ አልጠየቅኩም። ፊልሙ ላይ የአባቴን ስም አስገቡ። አጎቴ አሻራውን ያኖረበትን ወረቀት ሰርዙ። እና በመጨረሻ ልጄን ይቅርታ ጠይቁ። እኔን አይደለም፤ ልጄን። ፊት ለፊት፣ እሷን እያያችሁ።

በዚህ ጉዳይ ስንገናኝ አስተርጓሚ አዘጋጁ። ከተማው ውስጥ የሠለጠኑ አስተርጓሚዎች አሉ፤ አጣን ካላችሁ እኔ እጠቁማችኋለሁ። ልጄ አትመጣም።

መልሱን በጽሑፍ ስጡኝ። ስልክ ቁጥሬ ማመልከቻዬ ላይ አለ፤ መደወል አያስፈልግም፣ መልእክት ላኩ። ለአጎቴም አትደውሉ።